ንጉሡ ሠ እና አሥራ አራቱ ታብሌቶች

ሁለተኛ ክፍል «ለ» ውስጥ ዓመቱ የሚጀመረው በስም ማስተዋወቅ ነበር፤ የልጆቹን ስም ሳይሆን የፊደሎቹን። መምህርቷ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ሰሌዳው ትዞርና «ሠ» ብላ በትልቁ ትጽፋለች። ዘውድ ደፍቶ ታያላችሁ አይደል፣ ንጉሡ ሠ ማለት እሱ ነው ትላቸዋለች። ከጎኑ «ሰ»ን ትጽፍና ይኼኛው ዘውድ የለውም፣ ያለው ሁለት እግር ብቻ ነው፣ ስሙም እሳቱ ሰ ነው ትላለች። ድምፃቸው አንድ ነው፣ ቤታቸው ግን ለየብቻ። «ሥራ»፣ «ሣር»፣ «ሥጋ»፣ «ሦስት» የንጉሡ ቤተሰቦች ናቸው። ሰው፣ ሰማይ፣ ስም፣ ሰዓት ደግሞ የእሳቱ።

ከዚያ ልጆቹን ለሁለት ትከፍላለች። በመስኮቱ በኩል ያሉት የንጉሡ፣ በበሩ በኩል ያሉት የእሳቱ ይሆናሉ። ቃል ስትጠራ የተጠራበት ወገን ብድግ ይላል። ያለ ተራው የተነሣ ይሣቅበታል፣ እሱም አብሮ ይሥቃል። በወሩ መጨረሻ አብዛኛው ልጅ «ሣር» ሲባል ሳያስብ የሚነሣው በትክክለኛው ወገን ነው። ይህን ጨዋታ በዚያው በአራት ቁጥር ክፍል ሃያ አራት ዓመት አጫውታለች። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እጅ ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ እሷን አይተው «ንጉሡ እንዴት ነው ቲቸር» ይሏታል።

የሥራ ባልደረቦቿ ራሷን «ንጉሧ» ይሏታል። ስሙን ያወጣው የስፖርት መምህሩ ነው። አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሻይ ተራ ሲለጥፍ «ሐሙስ - ንጉሷ» ብሎ ጻፈ። እሷ ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ «ሷ»ን ሰረዘችና ከላዩ «ሧ» ብላ አረመችው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጸደቀላት። እንዲህ ስትባል ግን ደፋር ሴት እንዳትመስላችሁ። ክፍሏ ውስጥ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፤ ስብሰባ ላይ ግን የምትቀመጠው ከኋላ ነው፣ እጇን ለማውጣት ስታስብ ጉዳዩ ያልፋል።

ቤቷም ውስጥ ይኸው ሠ አልተዋትም። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። በራቸው ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ «ማንኛውንም የቧንቧ ስራ እንሰራለን» ይላል። በእሳቱ ሰ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሃያ ዓመት ለምናዋለች፣ አንድ ጊዜ ቀለም ገዝታለታለች፣ አንድ ጊዜ ሦስት ቀን አኩርፋዋለች። እሱ መልሱ አንድ ነው፤ ቤቱ በውኃ የተሞላ ሰው ፊደል አይቆጥርም ይላል።

ታብሌቶቹ የመጡት ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር ነው። አሥራ አራት ናቸው። ለጀማሪ ክፍሎች በሙሉ የተሰጡት እነዚሁ ሲሆኑ በተራ ይዞራሉ። ለሁለተኛ «ለ» የደረሱት ማክሰኞና ሐሙስ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ናቸው። የሥልጠናው ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣችው የአይሲቲ ባለሙያ አዳራሹ ውስጥ ቆማ በግድግዳው ላይ እያሳየች አስረዳች። ልጁ ሥዕል ያያል፣ ቃሉ ይነበብለታል፣ እሱ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ወዲያው ያርማል። የማን ልጅ የት እንደደከመ በየሳምንቱ ለርእሰ መምህሩ ሪፖርት ያወጣል፣ ለወላጅም በስልክ መልእክት ይልካል። መምህሩ ከእርማት ተገላገለ አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። መምህርቷም አጨበጨበች፣ ከልቧ። አርባ ሦስት ደብተር በፌስታል ተሸክሞ አውቶቡስ መጋፋት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ትከሻዋ ነው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ግማሹ ታብሌት አልተከፈተም። አንድ ሶኬት ላይ አሥራ አራት ገመድ ተሰክቶ ስላደረ ባትሪ የያዙት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ሁሉም ተከፈቱ፣ ኔትወርኩ ግን የሚደርሰው እስከ ሁለተኛው መስኮት ድረስ ብቻ ሆነ። ዴስኮቹን ሁሉ ወደ መስኮት ገፍታ ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርጋ ደረደረቻቸው። በአንዱ ታብሌት ላይ አራት ሆኑ፤ እያንዳንዱ ልጅ በተራው በራሱ ስም ገብቶ ይጽፋል። ልጆቹ ግን ጫን ተደርጎ ሲያዝ ከአንዱ ፊደል ሰባቱ ቤት ብቅ የሚልበትን ኪቦርድ በአንድ ቀን ለመዱት። ቶሎ የለመዱት ሌላም ነገር ነበር። መልሱ ትክክል ሲሆን ኮከብ ይበራል፤ ሲሳሳት አንድ አረንጓዴ እንቁራሪት ቀይ ይሆንና ውኃ ውስጥ ቧ ብሎ ይወድቃል። ኮከቡን ሁሉም አይቶታል፤ እንቁራሪቱ ግን ያሥቃል። ከኋላ ወንበር ያሉት እሱን ለማየት ሲሉ አውቀው ይሳሳቱ ጀመር። ክፍሉ በ«ቧ» ተሞላ። እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች፣ አንዱን ስትቆጣ ሌላው እየወደቀ፣ ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች አለቁ።

ይህ ሁሉ ይለመዳል ብላ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ግን ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠርቷት የኮምፒውተሩን ፊት ወደሷ አዞረላት። የሁሉም ክፍል ስም ተደርድሯል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ። ሁለተኛ «ለ» ቀይ ነው፤ አርባ አንድ በመቶ። ከጎኑ ያለው ሁለተኛ «ሀ»፣ አምና የተቀጠረው ልጅ እግር መምህር የሚያስተምረው፣ ሰባ አራት ያሳያል። ርእሰ መምህሩ ሳይቆጣ ነው የነገራት። ክፉ ሰው አይደለም፣ የደከመው ሰው ነው። ከበላይ ደብዳቤ መጥቷል አላት፤ በሴሚስተሩ አጋማሽ ከስልሳ በመቶ በታች የሆነ ክፍል መምህር ይቀየርለታል። ለጡረታዋ ሦስት ዓመት ስለቀራት እስከዚያ የመጻሕፍት መጋዘኑን ትረከባለች። አምስት ሳምንት አለሽ ማለቱ ነው።

የመጻሕፍት መጋዘኑን ታውቀዋለች። መስኮት የለውም። እሱም ባልከፋ፤ የከፋው ሌላ ነው። ሁለተኛ ክፍል ልጅ ከሰላምታ ሳይጀምር «ቲቸር፣ የአውቶቡሱን ጽሑፍ አነበብኩት» እያለ እየሮጠ የሚመጣበት ዓመት ነው። ያ ሩጫ አንደኛ ክፍል አልደረሰም፣ ሦስተኛ ክፍል አልፏል። ሃያ አራት ዓመት ደመወዟን የተቀበለችው ለዚያ ሩጫ እንደሆነ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ብትነግር ይሥቁብኛል ብላ።

በማግስቱ ቅዳሜ ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብላ ብቻዋን ክፍሉ ገባች። አንዱን ታብሌት አንሥታ በልጆቹ ዴስክ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠችና ራሷ ተማሪ ሆነች። አንድ ሰው መሬት ሲቆፍር የሚያሳይ ሥዕል ወጣ። ከውስጥ ያለችው ሴት ጥርት ባለ ድምፅ «ሥራ» አለች። መምህርቷ በጥንቃቄ ሥ፣ ቀጥላ ራ ጻፈች። እንቁራሪቱ ቀላ። ቧ። «ተሳስተሃል። እንደገና ሞክር።» ጣቷ ሌላ ፊደል ነክቶ ይሆናል ብላ እንደገና ጻፈች። ቧ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ፊደል ከነካች በኋላ እጇን እያነሣች። ቧ። ሣር ላይም እንደዚያው። ሦስት ላይም።

ቀና ብላ በሩን አየች። ማንም የለም። ከዚያ እንደ ሌባ ቶሎ ብላ በእሳቱ ሰ «ስራ» ብላ ጻፈች። ኮከቡ በራ፣ ከውስጥ ያለችው ሴትም «ጎበዝ» አለቻት።

ነገሩ አሁን ገባት፤ መግባቱ ግን አላረጋጋትም። የልጆቹን ውጤት አንድ በአንድ ስትከፍት የቀሉት እነማን እንደሆኑ አየች። ፊደል ሲጠራ ዓይናቸውን ከሰሌዳው የማይነቅሉት ናቸው። «እንቅልፉ» የሚባለው፣ ጨዋታው ሲጀመር ራሱን ዴስኩ ላይ አስደግፎ ሲያልቅ የሚነቃው ልጅ፣ ሰማንያ ስድስት በመቶ አግኝቷል። ስለ ንጉሡ ሰምቶ ስለማያውቅ ሁሉንም በእሳቱ ጽፎ በኮከብ ተንበሽብሿል። «አራት ነጥብ» ደግሞ ሠላሳ ሁለት። ይህች የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናት፤ የጻፈችውን ሁሉ፣ የራሷን ስም እንኳ ሳይቀር፣ በአራት ነጥብ ስለምትዘጋ ክፍሉ ያወጣላት ስም ነው። በእሷ ዘመን እንደዚህች ልጅ ጠንቅቆ የጻፈላት የለም።

ሰኞ ለአይሲቲ ባለሙያዋ ደወለች። ከመደወሏ በፊት የምትለውን በወረቀት ጽፋ ነበር። ባለሙያዋ በትሕትና ሰማቻት። አንድ ድምፅ ለአንድ ፊደል ተብሎ ነው የተዘጋጀው አለች፤ ለልጆቹ እንዲቀልላቸው ታስቦ ነው። መምህርቷ የመማሪያ መጽሐፉ ግን በንጉሡ ነው የሚጽፈው አለቻት። መጽሐፉን ያሳተሙት ሌሎች ናቸው አለች። ኪቦርዱ ላይስ ንጉሡ አለ አይደለም ወይ፤ ስሕተት ከሆነ ለምን አስቀመጣችሁት ስትል መምህርቷ ጠየቀቻት።

«ኪቦርዱን የሠሩት ሌሎች ናቸው እትዬ። ጥያቄውን ያዘጋጁት ደግሞ ሌሎች።»

«ታዲያ የሚገናኙት የት ነው?»

«እኔ ጋ ነዋ» አለች ባለሙያዋ፣ ድምፅዋ ውስጥ ሣቅ የሚመስል ድካም እየተሰማ። «እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ሠላሳ ሁለት ትምህርት ቤት አለብኝ። አስተያየት መስጫ የምትል ቁልፍ አለች፤ እሷ ላይ ይጻፉላቸው።»

አስተያየቱን መጀመሪያ ደብተር ላይ ሦስት ጊዜ ረቂቅ አወጣች። የመጀመሪያው ረጅም ሆነባት፣ ሁለተኛው ቁጡ። ሦስተኛውን አጭርና ጨዋ አድርጋ ላከችው። ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ተብሎ ቢያዝልን፤ ካልሆነም ልጆቹ በመጽሐፋቸው የተማሩት እንደ ስሕተት ባይቆጠርባቸው። ጣቷን ካነሣች ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። «ውድ ተጠቃሚያችን፣ መልእክትዎ ደርሶናል። የማስተማር ሥራዎን ለማቅለል ዘወትር እንተጋለን።»

አራት ጊዜ አነበበችው። ሥራዎን። በንጉሡ ሠ። ልጆቿን በዚያው ፊደል ውኃ ውስጥ የሚከት ድርጅት እሷን የሚያመሰግናት በንጉሡ ነው።

እንዲህ ዓይነት ማስረጃ እጇ ገብቶ አያውቅም። ታብሌቱን በሁለት እጇ እንደ ትሪ ይዛ ኮሪደሩን አቋርጣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች፤ በሃያ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱ መልእክቱን አነበበ፣ የምትለው ምኑ ላይ እንደሆነ አልገባውም። ጣቷን ሠ ላይ አድርጋ አሳየችው። ያኔ ሣቀ፤ በእሷ ላይ ሳይሆን በነገሩ። እውነትሽን ነው አለ፣ ጉድ ነው አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«እትዬ፣ ቋንቋውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ታብሌቱንም አልገዛሁም። እኔ የምፈርመው ሪፖርቱ ላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ሠም ሰም የለም፤ ያለው መቶኛ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይከራከር ነበር። እሷ «እሺ» አለች። «እሺ» ያለችበት ያ አፏ ወደ ክፍሏ እስክትደርስ ድረስ አቃጠላት። ሳምንቱን ሙሉ፣ ሳህን ስታጥብም፣ አውቶቡስ ስትጠብቅም ለርእሰ መምህሩ ያልመለሰችለትን መልስ ስትመልስ ከረመች። ያም ሆኖ በመካከሉ አንድ ጥርጣሬ እየመጣ ያቋርጣታል። ምናልባት እውነታቸውን ይሆን? ባሏ በእሳቱ ጽፎ ሥራ ጠፍቶበት አያውቅም። ጋዜጣውም እንደፈለገው ይጽፋል። ለሰባት ዓመት ልጅ አንድ ፊደል መቀነስ ጽድቅ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ያረጀሁ ሴትዮ፣ የለመድኩትን አልለቅም ብዬ በልጆች ውጤት እየተጫወትኩ ይሆን ትላለች። ወዲያው ደግሞ መጽሐፉ ትዝ ይላትና ትናደዳለች። ለራሷ እንኳ ሙሉ በሙሉ መናደድ አለመቻሏ ከሁሉ ይልቅ አናደዳት።

ሐሙስ ጠዋት የአራት ነጥብ አባት መጣ። የሥራ ጋውኑን እንደለበሰ ነው፤ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር አለ። ስልኩን ከፍቶ ዘረጋላት። «ልጅዎ በጽሕፈት ወደ ኋላ ቀርታለች። ተጨማሪ ድጋፍ ያስፈልጋታል» ይላል። ሌላ እጁ ላይ የልጁን ደብተር ይዟል። ሁለት ገጽ ሙሉ ከላይ እስከ ታች «ስራ። ስራ። ስራ።» ተብሎ ተጽፎበታል። ትናንት ከሥራ ሲመለስ ልጁ ሁለተኛ «ሀ» የሚማር ጎረቤቱን ጠይቆ፣ ታብሌቱ የሚቀበለውን አጻጻፍ አውቆ፣ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀምጦ እንዳስጻፋት ነገራት። እያለቀሰች ነው የጻፈችው፤ ቲቸር ያስተማረችን እንዲህ አይደለም እያለች።

«ልጅዎ ከክፍሉ አንደኛ ናት» አለችው መምህርቷ። «ትክክል ናት።»

«ትክክል ከሆነች ለምን ቀላች?»

ስለ ንጉሡና ስለ እሳቱ፣ ስለ ኪቦርዱና ስለ መጽሐፉ ልትነግረው ጀመረች። ዓይኑ ተከተላት፣ ፊቱ ግን አልተከተላትም። እንደ ዶክተር ነው የሚሰማት፤ ካለችው ሁሉ የሚፈልገው ይድናል የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ሲበቃት ማስረዳቱን ተወችው።

«ቲቸር፣ እኔ አልተማርኩም» አለ ቀስ ብሎ። «ወንበሬ ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ ልጄ ጎበዝ ናት እያልኩ ነው የማስተካክለው። አሁን ምን ልበላቸው? እባክዎ፣ ታብሌቱ የሚፈልገውን ይስጡልኝ።»

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። እሱ መጀመሪያ ሣቀ። «ታብሌቱ የኔ ወገን ነው በይኛ» አላት። እሷ ሳትሥቅ ቀና ብላ ስታየው ማንኪያውን አስቀመጠ። የመጋዘኑን ነገር እስካሁን አልነገረችውም ነበር፤ አሁን ነገረችው። ክፍሉን ከምታጪ ፊደሉን ብታጪ ይሻላል አላት፤ ፊደሉ የትም አይሄድም፣ መጽሐፍ ላይ አለ። እሷ ዳቦዋን እየቆረሰች ሳትበላ ደርድራ አስቀመጠችው።

«ከፈለግሽ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ነገ ማስታወቂያውን በንጉሡ አስጽፈዋለሁ።»

«አሁን ምን ያደርግልኛል» አለችው። ከሃያ ዓመት ልመና በኋላ አፏ ላይ የመጣው ይኸው ነበር።

ሰኞ ክፍሏ ገብታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ብዙ ለማስረዳት አስባ ነበር፤ ልጆቹን ስታያቸው ግን ያሰበችው ሁሉ ለትልቅ ሰው እንጂ ለእነሱ እንደማይሆን ገባት። «ከዛሬ ጀምሮ ታብሌት ላይ ስትጽፉ ሁልጊዜ እሳቱን ነው የምትነኩት» አለች። «ንጉሡን የምንጽፈው ደብተር ላይ ነው።»

እንቅልፉ ለአንድ ቀን ነቅቶ ነበርና ንጉሡ ታመመ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ሣቁ ሲበርድ አራት ነጥብ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ያኔ ስታስተምሪን ተሳስተሽ ነበር?»

«አልተሳሳትኩም የኔ እናት።»

«ታብሌቱ ነው የተሳሳተው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን አዎ ካለች፣ ለተሳሳተ ነገር ለምን እንታዘዛለን የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ይህች ልጅ ደግሞ አትተወውም። «እሱም አልተሳሳተም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በሌላ ሰው ድምፅ የሰማችው መሰላት። አራት ነጥብ አልተከራከረችም። ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ዘጋችው።

ልጆቹ ታዛዦች ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልሳን አለፉ፣ በሴሚስተሩ አጋማሽ ሰባ ስምንት ደረሱ። እንቁራሪቱ ሥራ ፈታ። የስም ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ «ለ» አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ርእሰ መምህሩ ኮሪደሩ ላይ አስቁሞ ጨበጣት፤ ከልቡ ደስ ብሎታል፣ እሷን መጋዘን ማስገባት እሱንም ከብዶት ኖሯል። የስፖርት መምህሩ ሻይ ሰዓት ላይ ንጉሧ ዙፋኗን አስከበረች ብሎ ሁሉንም አስጨበጨበ። ፀጉር አስተካካዩ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ከሩቅ ስልኩን ከፍ አድርጎ አረንጓዴውን አሳያት። እሷ ለሁሉም አንገቷን ዝቅ እያደረገች አመሰገነች። ክፍሉ ተርፎላታል፤ የፈራችው አልደረሰባትም። ታዲያ ምን ሆኜ ነው አንጀቴ የማይርሰው እያለች ራሷን ትቆጣ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ታብሌቶቹ ለጥገና ተወሰዱ። ደስ አላት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተርና ጠመኔ። ሰኞ ዕለት አምስት ዐረፍተ ነገር አጻፈቻቸው። ሣር አለበት፣ ሦስት አለበት፣ ሥራ አለበት። ደብተር ላይ ነው፤ ደብተር ደግሞ የንጉሡ እንደሆነ ነግራቸዋለች። ከትምህርት በኋላ አርባ ሦስቱን ደብተር ቆልላ ማረፊያ ክፍል ተቀመጠችና ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተች። የመጀመሪያው በእሳቱ ነው። ሰረዘችው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘች ሁሉንም ገለጠቻቸው። አርባ ሦስቱም በእሳቱ ነው የጻፉት። የአራት ነጥብም በእሳቱ ነው፤ እጅ ጽሕፈቷ እንደወትሮው ያምራል።

የምታርመው ምኑን ነው? ንኩት ያለቻቸው እሷው ናት። ስሕተት ነው ብትል የገዛ ቃሏን ልትሰርዝ ነው፤ ትክክል ነው ብትል ደግሞ የሃያ አራት ዓመቱን። የሰረዘቻቸው ሦስት ልጆች ምን በደሏት? ቀይ ቀለም አይጠፋም፤ በጣቷ ብታሸው ወረቀቱ ሻከረ እንጂ አልጠፋም። ደብተሮቹን ሳታርም መልሳ ቆለለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጨዋታውን ከመጀመሪያው ልትጀምረው ቆርጣ ገባች። ዴስኮቹን ከመስኮቱ መለሰቻቸው፣ ልጆቹን እንደ ዓመቱ መጀመሪያ ለሁለት ከፈለቻቸው። ሰሌዳው ላይ «ሠ»ን በትልቁ ጻፈች። ዘውዱን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ እንዲያስታውሱት።

«እስቲ ይኼ ማን ነው?»

«የማይሠራው» አሉ፤ አርባ ሦስቱም፣ በአንድ ድምፅ።

በደንብ ያልሰማች መሰላት። ከጎኑ «ሰ»ን ጻፈች። «ያኛውስ?»

«የሚሠራው።»

ተንኮል የለበትም። የእናታቸውን ስም የተጠየቁ ያህል ነው የመለሱት። ማን ነው እንደዚህ ብላችሁ ጥሩት ያላችሁ አለቻቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። መልሱን የሰጠችው አራት ነጥብ ናት፤ ማንም አላለንም አለች፣ ስንነካው ስለማይሠራ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ልጆቹ ንጉሡን የሰደቡበት ቃል ራሱ የንጉሡ ነው፤ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ይህን ቢያዩ ይሥቃሉ፣ ሲሥቁ ይገባቸዋል፣ እንደ ድሮው። ጠመኔውን ጨብጣ በሰሌዳው ሙሉ «የማይሠራው» ብላ ጻፈችና ሠን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ወደ ልጆቹ ዞረች፤ ሣቁን እየጠበቀች።

ማንም አልሣቀም። ሰሌዳውን አዩ፣ እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐሳብ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ያየ ልጅ የሚይዘው ዓይነት ሐሳብ። አራት ነጥብ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቧ መጣችና ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ ቶሎ አጥፊው። ቀይ ይሆንብሻል።»

መምህርቷ ሰሌዳ እንደማይቀላ ልትነግራት አፏን ከፈተች። እንደማይቀላ ግን ልጅቷም ታውቃለች፤ የፈራችው ለቃሉ አይደለም፣ ለእሷ ነው። ዳስተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላነሣችውም። ለምን እንዳላነሣችው ደግሞ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚገባ ምክንያት ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች።

«ሂጂ ተቀመጪ የኔ እናት» አለቻት። ቀጥላም ለሁሉም፣ ቃሉን በጀርባዋ እንዳስቀረች፣ የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ አለቻቸው።